ሕዋስ የራሱን ክፍል መርጦ የሚያፈርስበትና መልሶ የሚጠቀምበት መንገድ፤ በሽንሌ አካባቢ ለማሽላና ለእንስሳት አያያዝ ያለው ትርጉም

ለልማት ጣቢያ ሠራተኞችና ለኅብረት ሥራ ማኅበራት የተዘጋጀ ትምህርታዊ ጽሑፍ

መግቢያ

በሽንሌና በአካባቢዋ የአርብቶ አደሩም ሆነ የከፊል አርብቶ አደሩ ኑሮ በሁለት ዝናቦች ላይ የተመሠረተ ነው። እነርሱም ከመጋቢት አጋማሽ ጀምሮ የሚጠበቀው ዲራዕና ከሐምሌ ማብቂያ ጀምሮ የሚጥለው ካራን ናቸው። ከእነዚህ አንዱ ሲቀር ግጦሹ ይሳሳል። ሁለቱም ሲቀሩ ወይም ሲዳከሙ፣ እ.ኤ.አ. በ2015 በሲቲ ዞን እንደታየው፣ ብዙ እንስሳት ያልቃሉ። በኤረርና በደምበል የተዘራው ማሽላም ራስ ሳያወጣ ይደርቃል።

በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ዝናብ ሲቀር በቅጠሉና በእንስሳው ሰውነት ውስጥ ምን እንደሚካሄድ ነው። ማሽላም ሆነ ግመል፣ ፍየልም ሆነ ሰው፣ አካላቸው የተሠራው በዓይን ከማይታዩ እጅግ ጥቃቅን ሕዋሳት ነው። ሕዋስ ምግብ ሲያጣ ዝም ብሎ አይሞትም። ከራሱ ክፍሎች መካከል እየመረጠ ያፈርሳል፤ ከፈረሰውም የተገኘውን ቁሳቁስ ለሚያስፈልገው ሥራ መልሶ ያውለዋል። ይህን አሠራር የተረዳ የልማት ሠራተኛ ቢጫ ቅጠል ምን እንደሚናገር ማንበብ ይችላል፤ ማሽላ መቼ እንደሚመለመል፣ እንስሳ መቼ እንደሚሸጥና ከድርቅ የተረፈውም እንዴት እንደሚመገብ በምክንያት አስደግፎ ማስረዳት ይችላል። ያለ ምክንያት የተሰጠ ምክር ቶሎ ይረሳል፤ ምክንያቱ የገባው ሰው ግን ሁኔታው ሲለወጥ ራሱ ይወስናል።

1. ሕዋስና የሥራ ክፍሎቹ

ሕዋስ በስስ ሽፋን የተከበበ ትንሽ የሥራ ቤት ነው ማለት ይቻላል። በውስጡ የተለያየ ተግባር ያላቸው ክፍሎች ይገኛሉ። ኑክሊየስ የዘር መመሪያው የሚቀመጥበት ነው። ማይቶኮንድሪያ ከምግብ ኃይል የሚያወጣ ነው። በዕፅዋት ሕዋስ ውስጥ ደግሞ ክሎሮፕላስት የሚባለው አረንጓዴ ክፍል የፀሐይን ብርሃን ተጠቅሞ ምግብ ያዘጋጃል። እነዚህ ሁሉ በአብዛኛው የተገነቡት ከፕሮቲን ነው። ፕሮቲን የሚሠራው አሚኖ አሲድ ከሚባሉ ጥቃቅን ቁሶች ሲሆን በእያንዳንዱ አሚኖ አሲድ ውስጥ ናይትሮጅን አለ። ስለዚህ ናይትሮጅን ያጣ ሕዋስ አዲስ ፕሮቲን ሊሠራ አይችልም።

ማንኛውም የሥራ መሣሪያ ሲያገለግል ያረጃል። የሕዋስ ክፍሎችም እንዲሁ ያረጃሉ፤ ይጎዳሉም። ያረጀው ክፍል ካልተወገደ ቦታ ከመያዙም በላይ ሕዋሱን ይመርዛል። በመሆኑም ማፍረስ በረሃብ ጊዜ ብቻ የሚካሄድ ሥራ አይደለም። በደኅናም ቀን በየሰዓቱ በመጠኑ ይካሄዳል፤ ችግር ሲመጣ ግን ይበረታል።

2. ሁለቱ የማፍረሻ መንገዶች

የመጀመሪያው መንገድ ፕሮቲኖችን አንድ በአንድ የሚያፈርስ ነው። መወገድ ያለበት ፕሮቲን ላይ ዩቢኩዊቲን የሚባል ትንሽ ፕሮቲን ይለጠፍበታል። ዩቢኩዊቲን 76 አሚኖ አሲዶች ብቻ ያሉት ሲሆን ለሕዋሱ እንደ ምልክት ያገለግላል። ምልክቱ የተደረገበት ፕሮቲን ፕሮቲያዞም ወደሚባለው፣ በርሜል ወደሚመስለው ማፍረሻ ገብቶ ይቆራረጣል። ይህን ያስረዱት አሮን ሲቻኖቨር፣ አቭራም ኸርሽኮና ኧርዊን ሮዝ እ.ኤ.አ. በ2004 የኬሚስትሪ የኖቤል ሽልማት ተሰጥቷቸዋል።

ሁለተኛው መንገድ ትልልቅ ነገሮችን፣ ለምሳሌ አንድ ሙሉ ማይቶኮንድሪያን፣ የሚያፈርስ ነው። ይህም ኦቶፋጂ ይባላል፤ ቃሉ ከግሪክኛ የመጣ ሲሆን ትርጉሙ «ራስን መብላት» ማለት ነው። አሠራሩ እንደሚከተለው ነው። በመጀመሪያ በሕዋሱ ውስጥ አንድ ስስ ሽፋን ይፈጠራል። ሽፋኑ እያደገ መፍረስ ያለበትን ክፍል ከብቦ ይዘጋበትና እንደ ከረጢት ይሆናል። ከረጢቱም ላይሶዞም ከሚባለው፣ ፈጪ ቅመሞችን ከያዘው ክፍል ጋር ይዋሐዳል። በዕፅዋትና በእርሾ ውስጥ ይህን ሥራ የሚሠራው ቫኪዮል የሚባለው ትልቅ የፈሳሽ ቋት ነው። በዚያ የገባው ሁሉ ተፈጭቶ አሚኖ አሲዱ፣ ስቡና ስኳሩ ወደ ሕዋሱ ይመለሳል።

ላይሶዞምን እ.ኤ.አ. በ1955 ያስታወቀው ቤልጅጋዊው ክርስቲያን ደ ዱቭ ነው። ኦቶፋጂ የሚለውንም ስም እ.ኤ.አ. በ1963 ያወጣው እርሱ ነው። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት አሠራሩ ሳይብራራ ቆየ። ጃፓናዊው ዮሺኖሪ ኦሱሚ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ለዳቦና ለጠላ የምንጠቀምበትን ዓይነት እርሾ ናይትሮጅን በማስራብ ጉዳዩን መረመረ። የቫኪዮላቸው ፈጪ ቅመም የጎደለባቸውን የእርሾ ሕዋሳት ሲያስርብ ቫኪዮሉ ባልተፈጩ ከረጢቶች ሲሞላ በማይክሮስኮፕ ተመለከተ። በዚሁ ዘዴ ሥራውን የሚመሩትን ዘረ መሎች ለይቶ አወጣ፤ ለዚህም እ.ኤ.አ. በ2016 የሕክምና የኖቤል ሽልማት ተሸለመ። እነዚያው ዘረ መሎች በጥቂቱ ተለውጠው በማሽላም፣ በፍየልም፣ በሰውም ውስጥ ይገኛሉ።

3. ምርጫው እንዴት ይካሄዳል?

ሕዋስ ያገኘውን ሁሉ ቢያፈርስ ይሞታል። ስለዚህ ዋናው ጥበብ ምርጫው ነው።

የአርብቶ አደር ቤተሰብ ሰፈር ሲለውጥ ሴቶቹ አቃሉን ያፈርሱታል። የታጠፉት እንጨቶች፣ ምንጣፎቹና ገመዶቹ በግመል ተጭነው በአዲሱ ሰፈር እንደገና ቤት ይሆናሉ። የተሰበረው እንጨት ለማገዶ ይውላል፤ የነተበው ምንጣፍ ለሌላ ሥራ ይቆረጣል። ደኅናውን እንጨት ግን ማንም አይሰብረውም። ሕዋስም የሚሠራው በዚህ ዓይነት ነው።

መለያው በሁለት ነገሮች ይፈጸማል። አንደኛ፣ የተጎዳው ክፍል ላይ ምልክት ይደረጋል፤ ብዙ ጊዜም ምልክቱ ከላይ የጠቀስነው ዩቢኩዊቲን ነው። ሁለተኛ፣ ተቀባይ የሚባሉ ፕሮቲኖች አሉ። ተቀባዩ በአንድ በኩል ምልክቱን ይይዛል፤ በሌላ በኩል በማደግ ላይ ያለውን ሽፋን ይይዛል። በዚህ ዓይነት የተጎዳው ክፍል ብቻ ወደ ከረጢቱ ይገባል። ምልክት የሌለው ጎረቤቱ ከውጭ ይቀራል።

ረሃቡ ሲጠና ምርጫው ይሰፋል። በመጀመሪያ የተበላሸው፣ ቀጥሎ ትርፍ የሆነው፣ በመጨረሻም የሚያስፈልገው ጭምር መፍረስ ይጀምራል። የልማት ሠራተኛው ሊይዘው የሚገባው ነጥብ ይህ ነው፤ ማፍረስ እስከ አንድ ደረጃ ድረስ ሕይወትን ያድናል፤ ከዚያ ካለፈ ግን የሚፈርሰው ነገ የሚሠራበት መሣሪያ ነው። በማሳም በበረትም ጥያቄው «አሁን የትኛው ደረጃ ላይ ነን?» የሚለው ነው።

4. በማሽላ ማሳ ውስጥ የሚታየው

ማሽላ ፍሬ ሲይዝ ብዙ ናይትሮጅን ይፈልጋል። አፈሩ ደርቆ ሥሩ ማምጣት ካልቻለ ተክሉ ያለውን ከቅጠሉ ያወጣል። የቅጠል ናይትሮጅን በአብዛኛው የሚገኘው በክሎሮፕላስት ውስጥ ነው። ስለዚህ በሚያረጅ ቅጠል ቀድሞ የሚፈርሰው ክሎሮፕላስት ነው። መጀመሪያ ከክሎሮፕላስቱ ቁራጭ ቁራጭ እየተወሰደ በቫኪዮል ይፈጫል፤ በኋላ ሙሉው ይገባል። ኑክሊየስና ማይቶኮንድሪያ ግን እስከ መጨረሻ ይቆያሉ፤ መመሪያና ኃይል ካልቀሩ የማፍረሱን ሥራ የሚያካሂድ አይኖርምና። የተገኘው አሚኖ አሲድ በአገዳው በኩል ወደ ፍሬው ይጓዛል።

አረንጓዴው ሐመልማልም አብሮ ይፈርሳል። ነገር ግን ተክሉ ሐመልማሉን የሚያፈርሰው ለናይትሮጅኑ ሲል አይደለም። ሐመልማል ከፕሮቲኑ ተለይቶ ብርሃን ሲያገኘው ሕዋሱን ስለሚያቃጥል ወደማይጎዳ ነገር ተለውጦ በቫኪዮል ይቀመጣል። አረንጓዴው ሲጠፋ ቀድሞም የነበረው ቢጫ ቀለም ይታያል። እንግዲህ የቢጫነት መምጣት ቅጠሉ ዕቃውን እያስረከበ መሆኑን ያመለክታል።

ይህ ግምት ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2015 በወጣ ጥናት የኦቶፋጂ ዘረ መል የጎደለበት በቆሎ ናይትሮጅንን ከቅጠሉ ወደ ፍሬው ማዛወር ተስኖት ምርቱ ቀንሷል።

5. ቅጠልን ማንበብ

ተክሉ አንዳንድ ንጥረ ነገሮችን ከአሮጌ ቅጠል አውጥቶ ወደ አዲሱ ማዛወር ይችላል፤ ሌሎቹን ግን በሚገባ ማዛወር አይችልም። ስለዚህ ጉድለቱ የት ቦታ ላይ እንደታየ ማየት ምን እንደጎደለ ለመለየት ይረዳል።

ሀ) ምልክቱ በታችኛው አሮጌ ቅጠል ከጀመረ የጎደለው ሊዛወር የሚችል ንጥረ ነገር ነው።
— ከጫፉ ጀምሮ በመሐል ጅማቱ ተከትሎ ወደ ውስጥ የሚገባ ቢጫነት፦ ናይትሮጅን።
— ወደ ሐምራዊ የሚያደላ ቀለም፣ በተለይ በቡቃያ ላይ፦ ፎስፈረስ። በአንዳንድ ዝርያዎች ግን ሐምራዊነት የተፈጥሮ ቀለም ሊሆን ይችላል።
— የቅጠሉ ዳርና ዳር እንደ ተቃጠለ ሲሆን፦ ፖታሲየም።
— በጅማቶች መካከል ያለው ሲነጣና ጅማቱ አረንጓዴ ሲቀር፦ ማግኒዥየም።

ለ) ምልክቱ በላይኛው አዲስ ቅጠል ከጀመረ የጎደለው በቀላሉ የማይዛወር ነው።
— አዲሱ ቅጠል በጅማቶቹ መካከል ቢጫ ሆኖ አሮጌው አረንጓዴ ከሆነ፦ ብረት። ይህ ኖራ በበዛበት አፈር የተለመደ ነው። እዚህ ላይ ዩሪያ መጨመር ችግሩን አይፈታም፤ ገንዘብ ማባከን ብቻ ይሆናል።
— አዲሱ ቅጠል በጠቅላላው ከገረጣ፦ ድኝ ሊሆን ይችላል።

ሐ) በድርቅ ጊዜ የታችኛው ቅጠል ቢጫ መሆን የግድ የማዳበሪያ ጉድለት አይደለም። ሥሩ ውኃ ካላገኘ ናይትሮጅኑ በአፈር ውስጥ እያለም ሊወስደው አይችልም። ስለሆነም ማዳበሪያ ከመምከር በፊት በአካፋ ቆፍሮ የአፈሩን እርጥበት መመልከት ያስፈልጋል።

መ) በመከር ሰዓት ጎረቤቶቹ ሲደርቁ እርሱ ብቻ አረንጓዴ የሆነ ተክል ቢገኝ ራሱን መፈተሽ ነው። ብዙ ጊዜ ፍሬ ያልያዘ ሆኖ ይገኛል። ዕቃውን የሚረከብ ፍሬ ስለሌለ ቅጠሉ አይፈርስም። የዚህ ዓይነቱ አረንጓዴነት የደኅንነት ምልክት አይደለም፤ ለዘርም መመረጥ የለበትም።

6. ቅጠሉን የማይጥል ማሽላ

ፍሬው ከመሙላቱ በፊት ድርቅ ሲመጣ አንዳንድ ማሽላ ቅጠሉን በችኮላ ያፈርሳል፤ አገዳውም ተዳክሞ ይጋሸባል። ሌላው ግን ቅጠሉን አረንጓዴ እንዳደረገ ፍሬውን ይሞላል። በዓለም ላይ በዚህ ጠባዩ ይበልጥ የታወቀው ቢ35 የሚባለው ዝርያ የተገኘው ከኢትዮጵያ ዱራ ማሽላ ነው። በአሜሪካ በቴክሳስ፣ በአውስትራሊያም በኩዊንስላንድ ያሉ የማሽላ ተመራማሪዎች ይህን ጠባይ ወደ ሌሎች ዝርያዎች ለማስተላለፍ ለብዙ ዓመታት ሠርተዋል። ኢ36-1 የሚባለውና በዚሁ ጠባይ የሚታወቀው ሌላ ዝርያም የዘሩ ምንጭ ኢትዮጵያ ነው።

ምሥጢሩ በከፊል ቁጠባ ነው። እንዲህ ያለው ማሽላ ከማበቡ በፊት የቅጠሉን ስፋትና የቅርንጫፉን ብዛት ይወስናል፤ በዚህም ውኃ ይቆጥባል። ሥሩ በፍሬ መሙያ ጊዜ ውኃና ናይትሮጅን ማምጣቱን ስለማያቋርጥ ቅጠሉን ለማፍረስ አይገደድም።

ከዚህ የምንወስደው ትምህርት አለ። ኅብረት ሥራ ማኅበራት የአካባቢውን ዘር ንቀው መጣል የለባቸውም። በድርቅ ዓመት ፍሬውን ሞልቶ ቅጠሉንና አገዳውን ያቆመውን ተክል ምልክት እያደረጉ ዘሩን ለብቻ ማስቀመጥ ይገባል። መልካም ዝናብ በጣለበት ዓመት ሁሉም አረንጓዴ ስለሆነ ልዩነቱ አይታይም። ድርቁ መከራ ቢሆንም ለዘር መራጭ ፈተናውን የሚያቀርብለት እርሱ ነው።

7. ስለ ቅጠል መመልመልና ስለ አገዳ

በሐረርጌ ገበሬው ማሽላውን አብዝቶ ዘርቶ እያሳሳ፣ የታችኛውን ቅጠል እየመለመለ በሬ የማድለብ የቆየ ልምድ አለው። ይህ ልምድ በከፊል አርብቶ አደሩም ዘንድ ይሠራበታል። ጥያቄው መቼና ምን ያህል የሚለው ነው።

ቅጠል ገና ሳይገረጣ ሲቆረጥ ለከብቱ ፕሮቲኑ ብዙ ነው፤ ፍሬው ግን ያን ያህል ያጣል። ሙሉ በሙሉ ከደረቀ በኋላ ሲቆረጥ ፍሬው የሚገባውን ወስዷል፤ ለከብቱ የሚቀረው ግን በአብዛኛው ቃጫ ነው። ሁለቱንም ለማመጣጠን የሚከተለውን እንመክራለን።

ሀ) ከማበብ በፊት መመልመል አይገባም። በዚህ ጊዜ ለመኖ የሚያስፈልገው ከማሳሳት ይገኝ።
ለ) ፍሬው ወተቱን ጨርሶ እንደ ሊጥ ሲሆን ቢጫ መሆን የጀመሩትን የታችኛዎቹን ቅጠሎች ብቻ መመልመል ይቻላል።
ሐ) የላይኛዎቹን አራት ወይም አምስት ቅጠሎች እስከ መከር መንካት አይገባም፤ ፍሬውን የሚሞሉት በተለይ እነርሱ ናቸው።
መ) በፍሬው ሥር ጥቁር ነጥብ ሲታይ ወደ ፍሬው የሚገባ ነገር አብቅቷል። ከዚህ በኋላ አገዳውን በማሳ ላይ ማቆየት ቅጠሉ እንዲረግፍና መኖው እንዲከሳ ከማድረግ በቀር ጥቅም የለውም። ስለሆነም ራሱ እንደተቆረጠ አገዳው ወዲያው ታጭዶ በጥላ ይከመር።

የደረቀ አገዳ ናይትሮጅኑን ለፍሬው ያስረከበ ስለሆነ ብቻውን እንስሳ አያቆይም። የመኖ ፕሮቲን ከመቶ 7 እጅ ያህል ሲያንስ በትልቁ ጨጓራ ውስጥ ያሉት ጥቃቅን ተሕዋስያን ስለሚዳከሙ እንስሳው መብላቱንም ይቀንሳል። ውኃ ባለበት ቦታ 5 ኪሎ ዩሪያ በ100 ሊትር ውኃ በሚገባ አሟሙቶ ለ100 ኪሎ ገለባ ወይም የተከተከተ አገዳ በመርጨት፣ አየር እንዳይገባው ሸፍኖ ለ21 ቀን ማቆየት ይጠቅማል። ከመስጠት በፊት ማናፈስ ያስፈልጋል። ዩሪያን ደረቁን ወይም በውኃ አሟሙቶ ለእንስሳ መስጠት ግን ገዳይ ነው። ውኃ በሌለበት የግራር ፍሬና ቅጠል ከአገዳው ጋር ማቀላቀል ይሻላል።

ማስጠንቀቂያ፦ በድርቅ ተጎድቶ ዝናብ ሲያገኝ እንደገና የሚያቆጠቁጥ ማሽላ ዱሪን የሚባል ነገር በብዛት ይይዛል። ለተክሉ የናይትሮጅን ማከማቻ ሆኖ ሊያገለግል ይችላል፤ በከብት ሆድ ውስጥ ግን ወደ ሳያናይድ መርዝ ይለወጣል። ለግላጋው በሚገባ ሳያድግ ማንኛውንም የቤት እንስሳ ማሰማራት አይገባም። በተለይ የተራበ መንጋ ከማሳው መራቅ አለበት። ታጭዶ በሚገባ በፀሐይ የደረቀ እንደሆነ መርዙ በጣም ይቀንሳል።

8. በእንስሳ ሰውነት ውስጥ የሚካሄደው

እንስሳ መኖ ሲያጣ መጀመሪያ የሚጠቀመው ለዚሁ ያስቀመጠውን ነው፤ ግመል የሻኛዋን ስብ፣ ጥቁር ራሱ የሶማሌ በግ የላቱን ስብ። በዚሁ ጊዜ በጉበት ውስጥ ኦቶፋጂ ይበረታል። በቤተ ሙከራ ለ48 ሰዓት ምግብ ያጣች አይጥ ጉበት ከፕሮቲኑ ከሩብ በላይ እንደሚያጣ ታውቋል። ጉበቱ ከዚህ የሚያገኘውን አሚኖ አሲድ ወደ ስኳር ለውጦ ለአንጎልና ለደም ያቀርባል። ግመልም በዚህ ላይ ሌላ ቁጠባ አላት፤ በሽንቷ የምታስወጣውን ዩሪያ እጅግ ቀንሳ ወደ ጨጓራዋ በመመለስ በዚያ ያሉት ተሕዋስያን ፕሮቲን እንዲሠሩበት ታደርጋለች።

ስቡ ሲያልቅ የሚፈርሰው ሥጋ ነው። በጡንቻ ውስጥ ሁለቱም መንገዶች፣ ፕሮቲያዞምም ኦቶፋጂም፣ በአንድነት ይሠራሉ። የጀርባና የታፋ ጡንቻ ይሟሽሻል። እንስሳው ተኝቶ ለመነሳት የሚያቅተው በዚህ ምክንያት ነው። በመጨረሻ የአጥንት መቅኔ ስብ ሳይቀር ያልቃል። በረሃብ የሞተ እንስሳ የታፋ አጥንት ቢሰበር መቅኔው ነጭና ጠንካራ መሆኑ ቀርቶ ቀይ ፈሳሽ መሰል ሙጫ ሆኖ ይገኛል። ስለዚህ የልማት ሠራተኛው የሞቱን ምክንያት ከበሽታ ለመለየት ይህን ሊመለከት ይችላል። ድንገት የሞተና ደም ከአፍንጫው ወይም ከፊንጢጣው የወጣ እንስሳ ግን አባ ሰንጋ ሊሆን ስለሚችል በፍጹም መከፈት የለበትም፤ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ይጠራ።

ስለ ግልገልም አንድ ነገር እንጨምር። እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣ ጥናት እንዳሳየው የኦቶፋጂ ዘረ መል የሌላቸው የአይጥ ግልገሎች በተወለዱ በአንድ ቀን ገደማ ይሞታሉ። ከእናት ደም የሚመጣው ምግብ ከተቋረጠበት ጊዜ ጀምሮ ወተት እስኪደላደል ድረስ ግልገል ከራሱ ሕዋስ ተበድሮ እንደሚኖር ከዚህ እንረዳለን። ከከሳች እናት የተወለደ ግልገል የሚበደረው እጅግ ጥቂት ነው። ስለዚህ የመጀመሪያውን እንገር በተወለደ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ እንዲጠባ ማድረግ ያስፈልጋል።

9. ከመንጋው የትኛው፣ መቼ ይሸጥ?

ሕዋስ ትርፉን ቀድሞ እንደሚያፈርስ ሁሉ አርብቶ አደሩም በድርቅ ጊዜ ቀድሞ የሚለየው ወጠጤውን፣ ሙክቱንና ያረጀውን ነው፤ የምትወልደውን ያስቀራል። ምርጫው ትክክል ነው። ችግሩ አብዛኛውን ጊዜ በሰዓቱ ላይ ነው።

እንስሳው ስቡን እያወጣ ባለበት ጊዜ ቢሸጥ ባለቤቱ ዋጋ ያገኛል። ጡንቻውን ማፍረስ ከጀመረ በኋላ ግን በየቀኑ የሚቃጠለው የገበያ ዋጋው ነው። የሰውነት ይዞታን ለማወቅ በጀርባ አከርካሪና በወገብ አጥንት ላይ እጅን አስቀምጦ መዳሰስ ይበቃል። አጥንቱ በመጠኑ ሲጫን ብቻ ከተገኘ መካከለኛ ነው፤ ለመሸጥ ጊዜው ይህ ነው። ሳይጫኑት ሹል ሆኖ ከተሰማ ጡንቻው መሄድ ጀምሯል። በአከርካሪው ግራና ቀኝ ጎድጉዶ ቆዳ ብቻ ከቀረ እንስሳው ገበያ ለመድረስም አቅም ላይኖረው ይችላል።

እ.ኤ.አ. በ2006 በሞያሌ አካባቢ በድርቅ ጊዜ ነጋዴዎችን ከአርብቶ አደሩ ጋር በማገናኘት 20 ሺህ ያህል ከብት በወቅቱ እንዲሸጥ ተደርጓል። ሻጮቹም ካገኙት ገንዘብ ለቤተሰባቸው እህል፣ ለቀሩት ከብቶቻቸው ደግሞ መኖ ገዝተዋል። ሽንሌ ለድሬዳዋ ገበያና ወደ ጅቡቲ ለሚወስደው መሥመር ቅርብ ስለሆነች ማኅበራት ይህን ዕድል አስቀድመው ሊያደራጁት ይችላሉ።

10. ከድርቅ የተረፈውን ስለ መመገብ

ከድርቁ ያለፈ እንስሳ መኖ ሲመጣለት ብዙ ጊዜ በመኖው ምክንያት ይሞታል። በረሃቡ ወራት በትልቁ ጨጓራ ውስጥ ያሉት ተሕዋስያን ቀንሰዋል፤ ጉበቱና የአንጀቱ ሽፋንም ሳስተዋል። በዚህ ላይ እህል በብዛት ሲሰጠው በጨጓራው ውስጥ በፍጥነት ይኮመጥጣል፤ ኮምጣጣው ወደ ደም ይገባና ይገድለዋል። የፈረሰውን የሚገነባ ሕዋስ ጊዜ ይፈልጋል። ስለሆነም የሚከተለው ቅደም ተከተል ይጠበቅ።

ሀ) ውኃ። በጉም ላሙም በጣም ከተጠማ በአንድ ጊዜ እስኪጠግብ ከመልቀቅ ይልቅ በየጥቂቱ ከፋፍሎ ማጠጣት ይሻላል። ግመል በ10 ደቂቃ ያህል 100 ሊትር ጠጥታ ሳትጎዳ ትውላለች፤ ሌላው እንስሳ ግን እንደ ግመል አይደለም።
ለ) በመጀመሪያዎቹ ቀናት ድርቆሽና የቅጠላ ቅጠል መኖ ብቻ ይሰጥ።
ሐ) ቀጥሎ እህል ወይም ሌላ ኃይል ሰጪ መኖ ለበግና ለፍየል በቀን ከ50 ግራም፣ ለላም ከግማሽ ኪሎ ይጀመር። በየሁለት ወይም በየሦስት ቀኑ በዚያው ልክ እየተጨመረ ሁለት ሳምንት ያህል ይወሰድበት። ድርቆሹ አይቋረጥ።
መ) ብርቱውና ደካማው ተለያይተው ይመገቡ። አንድ ላይ ሲሆኑ ብርቱው ከመጠን በላይ በልቶ፣ ደካማው ሳያገኝ ሁለቱም ይጎዳሉ።
ሠ) ሆዱ የተነፋ፣ ጥርሱን የሚያፋጭ፣ የሚያስቀምጠውና የሚተኛ እንስሳ ሲታይ እህሉ ወዲያው ይቁም፤ ባለሙያ ይጠራ።
ረ) የመጀመሪያው ዝናብ ብርድ ይዞ ይመጣል። ስብ የሌለው እንስሳ ብርድን አይችልም፤ ለደካሞቹ መጠለያ አስቀድሞ ይዘጋጅ።

ኅብረት ሥራ ማኅበሩ መኖውን ሲያከፋፍል ከመኖው ጋር ይህን ቅደም ተከተል በቃል ማስረዳት አለበት። አከፋፋዩ አንድ ኩንታል ፉርሽካ ወይም ፋጉሎ አስረክቦ ዝም ካለ፣ ባለቤቱ በርኅራኄ ለተራበችው ላም በአንድ ጊዜ ያቀርብላታል፤ ከወራት ረሃብ የተረፈችውም በአንድ ሌሊት ትሞታለች።

ማጠቃለያ

ሕዋስ ችግርን የሚያልፈው የተበላሸውን ቀድሞ፣ ትርፉን ቀጥሎ በማፍረስ፣ መመሪያውንና የኃይል ምንጩን እስከ መጨረሻ በመጠበቅና የፈረሰውን ለሚቀጥለው ትውልድ፣ ማለትም ለፍሬውና ለግልገሉ፣ በማስተላለፍ ነው። አቅሙ ግን ወሰን አለው። የልማት ሠራተኛውና የማኅበሩ ተግባር ያ ወሰን ከመድረሱ በፊት ምልክቱን ማወቅ፣ በሰዓቱ መወሰንና ከችግሩ የተረፈውን በጥንቃቄ እንዲያገግም መርዳት ነው።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በማኅበራችሁ ማሳ ላይ ቢጫ ቅጠል የሚጀምረው ከላይ ነው ወይስ ከታች? ከዚህ ምን ትረዳላችሁ?
2. ባለፈው ድርቅ ፍሬውን ሞልቶ ያቆየ ማሽላ የማን ማሳ ላይ ታየ? ዘሩ አለ ወይ?
3. ዲራዕ ቢዘገይ ከመንጋችሁ የትኛውን፣ በየትኛው የሰውነት ይዞታ፣ በየትኛው ገበያ ትሸጣላችሁ?
4. መኖ ሲከፋፈል ቅደም ተከተሉን ለአባላት የሚያስረዳው ማን ነው?